የፋሻ ክፍሉ ገበና

በፋብሪካው ዋና በር አናት ላይ «የሕዝብ ንብረት» የሚሉ የብረት ፊደሎች ተበይደው ነበር። አንድ ክረምት ነፋስ «ሕ»ን ገንጥሎ ጣለና የቀረው «የ ዝብ ንብረት» ሆነ። የወደቀችውን ፊደል ዘበኛው አንስቶ በማረፊያው ውስጥ ከግድግዳ አስደገፋት። መልሶ የሚሰቅላት ግን አልተገኘም፤ መሰላል ያለው ክፍል ብየዳ የለኝም አለ፣ ብየዳ ያለውም መሰላል የለኝም አለ። ያኔ ገና ሳንባው ያልታመመው የጥገና መካኒክ በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየና፣ «ሕዝብ አንዲት ፊደል ከጎደለችበት ጅብ ለመሆን ምን ቀረው?» አለ። ቀልዱ ፋብሪካውን ሁሉ ዞሮ ማታ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ እንደ አዲስ ነገረችው፤ እሱም የሰው ቀልድ እንደሰማ ሆኖ ሳቀላት።

ሚስቱ የፋሻ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። በዕድሜ የሚበልጧት እንኳ ሳይቀሩ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላታል። ክፍሉ ከትልቁ የአንሶላ አዳራሽ ጀርባ፣ በረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ ነው። ማሽኖቹ አሮጌዎች፣ ጠባቦችም ናቸው፤ ከእነሱ የሚወጣው ጨርቅ ስፋቱ ከመዳፍ አይበልጥም። የጥጥ ብናኝ እንደ ዱቄት ስለሚቦን ገና ከቀትር በፊት የሴቶቹ ቅንድብ ይነጣል፤ ከሥራ ሲወጡ ፊታቸውን ሲታጠቡ ዕድሜያቸው ይመለስላቸዋል።

ፋሻው የሚሄደው ለመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ብቻ ነው። ዋጋው እትዬ በልጅነቷ ስትቀጠር እንደተወሰነ አለ፤ ክሩ ግን በየጊዜው ይወደዳል። ስለዚህ ክፍሉ በሠራ ቁጥር ይከስራል፣ ኪሳራውንም አንሶላው ይሸፍንለታል። ነጋዴ እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ የሚያስመጡትም የሚያስመጡት መክፈል ለሚችል ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም፣ ግን አይነጋገሩበትም። ኪሳራ የሚለው ቃል በዚያ ክፍል የሚነሣው፣ በቤተሰብ ውስጥ ያለ የሚጥል በሽታ እንደሚነሣው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር።

አንድ ቀን የመንግሥት ድርጅቶች ሊለዩ ነው የሚል ወሬ መጣ። ከፊሎቹ በመንግሥት እጅ ይቆያሉ፣ ከፊሎቹ ይሸጣሉ፣ የማይረቡት ይዘጋሉ ተባለ። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች በየፋብሪካው እየዞሩ ነው፤ እዚህም ይመጣሉ።

በምሳ ሰዓት የፋሻ ክፍሉ ሴቶች ከማሽኖቹ አጠገብ ተቀምጠው ዳቧቸውን እየቆረሱ ይህንኑ አወሩ። ከሁሉም የምታወራው፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ የሚሏት ሴት ነበረች። የመንግሥት ድርጅት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመለየት ጥናት አያስፈልግም አለች፤ ክር ቢመጣም ባይመጣም ደመወዝ የሚመጣበት ቦታ ነው። አንዷ፣ አለቃው ራሱ አለቃ ያለበት ቦታ ነው አለች። ሌላዋ ደግሞ ሁሉም የእኔ ነው የሚለው፣ ሲሰበር ግን የማንም አይደለም የሚባል ዕቃ ነው ብላ የተሰነጠቀውን መስኮት በአገጯ አመለከተች። ሳቁ። እትዬም ሳቀች፤ ግን ዳቦዋን ሳትጨርስ መልሳ ጠቀለለችው።

የፈራችው መዘጋቱን ነው። ከስሯ ያሉት ሴቶች ከጠባብ ማሽን በቀር ሌላ አያውቁም፤ ጉልበታቸውም በዚያው አልቋል። ከእነሱ ሌላ ቤቷ ነበረ። ከፋብሪካው አጥር ጀርባ በተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ውስጥ ባሏ በትራስ ተደግፎ ውሎ ያድራል። እሱ ጡረታ ሲወጣ ቤቱ በእሷ ስም ዞሯል፤ እሷ ከሥራ የወጣች ዕለት ቤቱም ከእጃቸው ይወጣል።

ሥራ አስኪያጁ የክፍል ኃላፊዎችን ሰብስቦ እንግዶቹ በሁለት እግሩ የቆመ ፋብሪካ ማየት አለባቸው አለ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ከትምህርት ቤት እንደወጣ ሲቀጠር መጀመሪያ የተለማመደው በፋሻ ክፍሉ ነው፤ የተበጠሰ ክር መቀጠል ያሳየችው እትዬ ናት። ስለዚህም አሁን ሲናገር ወደ እሷ ማየት ተስኖት ስለ ቀለም፣ ስለ መብራትና ስለ መጸዳጃ ቤት አወራ። ሌሎቹ ኃላፊዎችም ስለ ቀለም፣ ስለ መብራትና ስለ መጸዳጃ ቤት ጠየቁ። ሁሉም የሚያስቡትን አንድ ነገር ማንም አልጠራውም።

በመጨረሻ እትዬ እጇን አነሣች።

«የኔን ክፍል ለምን ትዞሩታላችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እኔ ምንም አላልኩም።»

«ስላላሉ ነው የምናገረው። በአንሶላው ብቻ ብንታይ ደህና ነን። በኛ ምክንያት ፋብሪካው ከሳሪ ከሚባል የኛን በር መቆለፍ ይሻላል። እንግዳ ሲመጣ የቤት ገበና ይሸፈናል።»

በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ላይ የተነፈሰ መሰለ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና እጇን በሁለት እጁ ጨበጣት። ማታ ለባሏ ስትነግረው እሱም ደግ አደረግሽ አላት፤ ሽማግሌ ሲመጣ የተሰበረውን ወንበር ወደ ጓዳ የማያስገባ ማን አለ አለ፤ ከዚያ ሳል ያዘውና ቀልዱን ሳይጨርስ ቀረ።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ፋብሪካው ታጥቦ ነበር። ለፋሻ ክፍሉ ሴቶች አዲስ ሰማያዊ ሽርጥ ተሰጣቸውና በአንሶላው አዳራሽ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። የሚሠሩት ስላልነበራቸው የታጠፈውን አንሶላ እየዘረጉ መልሰው ያጥፉት ነበር። ሬዲዮ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ይህ አንሶላ ገና ማንም ሳይተኛበት በመታጠፍ ብቻ ደከመው አለች፤ ሴቶቹ ሳቃቸውን በሽርጣቸው አፈኑ።

ከእንግዶቹ መካከል ብዙ የምትጠይቀው ወጣት ባለሙያ ነበረች። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋለች፤ ሰው ሲመልስላት ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰማለች። ማሽኖቹን አየች፣ የተቆለሉትን አንሶላዎች በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ሳይመሯት ወደ ኮሪደሩ ገባች። ሥራ አስኪያጁና እትዬ ተከተሏት። ኮሪደሩ መጨረሻ የተቆለፈው በር ፊት ቆመች።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እትዬ አየ።

«መጋዘን ነው» አለች እትዬ። «አሮጌ ዕቃ የሚቀመጥበት።»

ወጣቷ ጎንበስ ብላ ከጫማዋ ጫፍ ላይ ነጭ ብናኝ አነሣችና በሁለት ጣቷ አሸችው። ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት የወጣ ጥጥ ነበር። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን፣ እዚህ ብቻ የሚሠራ፣ ነጋዴ እጁን የማያስገባበት ምርት አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። በቀስታ ነበር የጠየቀችው፤ ጥያቄውንም ደገመችለት።

«የለም» አለ ሥራ አስኪያጁ ደረቱን ነፍቶ። «የምንሠራው ሁሉ ገበያ የሚፈልገው ነው። ኪሳራ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም።»

እትዬ እጇን ከሽርጧ ኪስ ከታ ቁልፉን ጨብጣው ነበር። እንግዶቹ እስኪሄዱ አልለቀቀችውም፤ ስትለቀው መዳፏ ላይ ጥርሱ ታትሟል።

ሲሰናበቱ ከእንግዶቹ አንዱ እንዲህ ያለ ጽዱ ፋብሪካ አላየንም ብሎ ተናገረ። መኪኖቹ ከበር ሲወጡ ሠራተኛው አጨበጨበ። ሻይና ዳቦ ቀረበ፣ ሥራ አስኪያጁ ኮቱን አውልቆ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠ። በማግስቱ እትዬ በሩን ከፈተች፤ ማሽኖቹ እንደ ወትሯቸው መንጫጫት ጀመሩ።

ውሳኔው የመጣው ዝናብ ካባራ በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን በግቢው ሰብስቦ ነገራቸው፤ በሳጥን ላይ ቆሞ ነበር፣ ድምፁ ግን ከኋላ ላሉት አልደረሰምና ከፊት ያሉት እየተቀባበሉ አደረሱላቸው። ፋብሪካው አይዘጋም። ይሸጣል። መንግሥት በእጁ የሚያቆያቸው፣ ሕዝብ የሚያስፈልገውንና ሌላው ትርፍ የለውም ብሎ የማይሠራውን የሚሠሩትን ብቻ ነው። ይህ ፋብሪካ ግን እንደ ማንኛውም ነጋዴ ለገበያ የሚሠራ፣ ራሱን የቻለ ሆኖ ስለተገኘ መንግሥት በባለቤትነት የሚቆይበት ምክንያት የለም።

ከኋላ ያሉት ገና «ራሱን የቻለ» የሚለው ሲደርሳቸው እንደ ምስጋና ቆጥረው አጨበጨቡ። ከፊት ያሉት ዞረው አዩአቸው፤ ጭብጨባው ቀስ እያለ ጠፋ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች ሬዲዮ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ የተናገረችው ለማን እንደሚደርስ ገብቷት አጠገቧ የቆመችውን እትዬን ክንዷን ያዘቻት። እትዬ ክንዷን አላስለቀቀችም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁና እትዬ ወደ ወጣቷ ባለሙያ መሥሪያ ቤት ሄዱ። እትዬ በላስቲክ የተጠቀለለ ፋሻ በእጇ ይዛለች። ረጅም ደረጃ ወጥተው ከአንድ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሰው እየወጣ ሰው እየገባ ብዙ ጠበቁ። ሥራ አስኪያጁ እኔ ልናገር አላት፣ እሷ ደግሞ እኔ ነኝ መጋዘን ያልኩት አለች። ተጠርተው ሲገቡ ፋሻውን ከወጣቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት፤ ዋጋውን፣ ክሩን፣ ሴቶቹን፣ አንሶላው እንዴት እንደሚሸከማቸው፣ ሽርጡን ሳይቀር።

ወጣቷ ፋሻውን ትንሽ ዘረጋችው። ወዲያው መልሳ ጠቀለለችው።

«ጠይቄአችሁ ነበር እኮ» አለች።

«ልጄ፣ ለክፋት አይደለም። እንግዳ ነሽና ገበናችንን ሸፈንን።»

«እኔ የመጣሁት እሱን ፍለጋ ነበር እትዬ። የሚያተርፍ ፋብሪካማ ባለቤት አያጣም። መንግሥት ያስፈልጋል የሚባለው ሌላው ለተወው ነው፣ ሰው ግን ያለሱ ለማይሆንለት። እናንተ ያንን ስትሠሩ ኖራችሁ ኖራችሁ፣ እኔ ስመጣ ቆለፋችሁበት።»

ሥራ አስኪያጁ አሁን ቢታረምስ አለ። ወጣቷ ቆይ አለችና ፋሻውን ይዛ ወጣች። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የእሷ ቀጭን ድምፅ ረዘም ያለ ነገር ይናገራል፣ የወንድ ድምፅ ባጭሩ ይመልሳል። ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር። አለቃዋ፣ ያኔ ዋሽተው ከሆነ ዛሬስ ላለመዋሸታቸው ምን ማረጋገጫ አለ ብሏታል። ገዢውም ተገኝቷል፤ የገዛውም ያየውን ነው፤ ፋሻ ክፍል የሚባል አላየም።

በር ላይ ስትሸኛቸው የእትዬን እጅ ይዛ፣ ቢታወቅም ኖሮ ይተርፍ ነበር ብላ እርግጠኛ ለመሆን እንደማትችል ነገረቻት፤ ስንት እንዲህ ያለ ነገር እየታወቀ ተዘግቷል። ይህን ያለችው ልታጽናናት ነበር። እትዬ ደረጃውን ስትወርድ፣ በሩን ብትከፍተው ኖሮ ይተርፍ እንደነበር መቼም እንደማታውቅ ገባትና መሐል ላይ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ደከመዎት ወይ አላት። አልደከመኝም አለችው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ» አለ ባሏ ማታ። «እናንተ ደግሞ አብራችሁ እጃችሁን አሰራችሁ።»

እንደሌላው ጊዜ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። ሳትስቅ ስትቀር እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈ። ከፀጉሯ ውስጥ ነጭ ክር መዞ ጣለላት።

አዲሱ ባለቤት ራሱ አልመጣም፤ ወኪል ላከ። ወኪሉ ጨዋ ሰው ነው፣ ለዘበኛው ሳይቀር ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል። በመጀመሪያው ሳምንት መሰላልና ብየዳ አንድ ላይ ተገኙና በበሩ አናት የቀሩት ፊደሎች በአንድ ጠዋት ወረዱ። ዘበኛው ከማረፊያው «ሕ»ን አምጥቶ ይቺስ ብሎ ጠየቀ። ከብረቱ ጋር ጣላት አሉት።

በዚያው ብየዳ ጠባቦቹን ማሽኖች ቆራረጧቸው። ሙሉ እንዳሉ ለመውጣት በሩ አልበቃቸውም ነበር። ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው አዩ። እያንዳንዷ የራሷን ማሽን ታውቀዋለች፤ የአንዱ እጀታ በአንዲት ሴት መዳፍ ልክ ተቦርቡሮ ነበር፣ ሲያልፍ እጇን ዘርግታ ነካችው። ሬዲዮ ያን ቀን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከሴቶቹ አንዷ፣ ዛሬስ ባትሪሽ አለቀ ልትላት አፏን ከፍታ ተወችው።

ሴቶቹ የስንብት ገንዘባቸውን ይዘው ሲሄዱ ወኪሉ እትዬን አስጠራት። ለእርስዎ ቦታ አለን አላት። ለአንሶላው ተጨማሪ መጋዘን ያስፈልጋል፤ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል መጋዘን እንደሆነ በሽያጩ ውል ውስጥ አለ፤ ቁልፉም እርስዎ ዘንድ መሆኑን ሰምተናል። ቤትዎም ባለበት ይቆያል።

እትዬ ላስብበት ማለት ፈልጋ ነበር። ባሏ በዚያች ሰዓት በመስኮቱ በኩል የፋብሪካውን አጥር እያየ እንደሚጠብቃት ታውቃለች።

«እሺ» አለች።

ስለዚህ ያ በር እሷ ያለችውን ሆነ። ማሽኖቹ በነበሩበት የአንሶላ ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደረደሩ፤ እሷም በመግቢያው አጠገብ በአንዲት ወንበር ተቀመጠች። ካርቶኖቹ ሲገቡም ሲወጡም የሚቆጥር ሌላ ሰው አለ፤ የእሷ ሥራ መክፈትና መዝጋት ነው። ጠዋት ጠዋት ወለሉን ትጠርጋለች፤ ማሽን ከጠፋ ቆይቶም ከግድግዳው ስንጥቅና ከጣሪያው እንጨት የጥጥ ብናኝ እየወረደ ዛሬ የጠረገችውን ነገ ጠዋት መልሳ ታገኘዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ መጣች። አንሶላ የሚጭኑት ወዛደሮች በኋላው በር ሲወጡ ተከትላ ሾልካ ነው የገባችው። ከስታለች። ግራ እጇን ከሽርጥ በተቀደደ ጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ሰማያዊ ሽርጥ፣ ለእንግዶቹ ቀን የተሰጣቸው። ቤቷ ደጃፍ፣ መንገዱ ላይ፣ ቦምቦሊኖ እየጠበሰች ስትሸጥ ዘይት ፈስሶባት ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ቅባት ቀቧት፤ ፋሻ ግን የለንም፣ ከውጭ ገዝተሽ ነይ አሏት። ይህን ስትናገር እንደ ድሮዋ ቀልድ ልታስመስለው ሞከረች።

«እኔን ፋሻ የለም ይሉኛል፣ እትዬ። እኔን! ስንቱን እጅ የጠቀለልኩ።»

«ጨርቁን ፍቺውና ልየው።»

«ተዪው፣ ተጣብቋል። የተረፈ ጥቅል ካለሽ ብዬ ነው፤ አንድ እንኳ፣ የቆሸሸም ቢሆን ቀቅዬው…»

እትዬ ተነሣች። እንደሌለ ታውቃለች፤ ቢሆንም ከካርቶኖቹ ጀርባ ገብታ ግድግዳ ግድግዳውን ዞረች፣ ድሮ ክር የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ በእጇ ዳበሰች። ስትመለስ ከተከፈተው ካርቶን አጠገብ ቆመች። ከላይ ያለው አንሶላ ነጭ፣ አዲስ፣ ንጹሕ ጥጥ ነው። ጫፉን ያዘችው። አንዱን ብትቀድደው ለሬዲዮ እጅ እስኪድን ይበቃ ነበር። ማታ የሚቆጥረው ሰው ይቆጥራል። መስኮቱ ጋ ባሏ አለ።

ሬዲዮ፣ እትዬ የያዘችውን አየች። ከዚያ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረች።

እትዬ አንሶላውን ለቀቀችው። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታችና የሬዲዮን እጅ በጨርቁ ላይ ደርባ አሰረችላት፤ እንደ ልማዷ ከአንጓ ጀምራ፣ እኩል እኩል እያደራረበች፣ ሳታጠብቅ። ሻሹ ናይሎን ነው፤ ውኃም ደምም አይመጥም። ሁለቱም ያውቁታል።

«ዕቃ አልቆ ነው» አለች እትዬ።

«አውቃለሁ። ግድ የለም።» ሬዲዮ የታሰረውን እጇን ደረቷ ላይ መልሳ አስደገፈችው። «ብቻ እትዬ፣ ዘይቱን፣ መንገድ ላይ መጥበሴን፣ ከሴቶቹ አንዷን ብታገኚ እንዳትነግሪብኝ። ገበናዬን ሸፍኚልኝ።»

እትዬ እሺ አለቻት። በኮሪደሩ እስክትታጠፍ አየቻት፤ ከዚያ የሚቆጥረው ሰው ሳይመጣ የተዛነፈውን አንሶላ አስተካክላ አጠፈችው፣ ካርቶኑን ዘጋች። በሩ ሥር የተጠራቀመውን ብናኝ በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ ቆለፈች።